ሽቦ በተዘረጋበት ሸለቆ ሄሊኮፕተር ሲመጣ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነበር። ማሽላው ሊደርስ፣ ጤፉ ሊታጨድ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አንበጣው ከአፋር በኩል ወጥቶ የወሎን ቆላ አልብሶታል። እኔ ያኔ በደቡብ ወሎ አንድ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። መንጋው የት እንዳደረ ከገበሬው እሰማለሁ። ለአሰሳ ለሚመጣው ሄሊኮፕተር ማረፊያ አዘጋጃለሁ። አብራሪው ሲያርፍ ደግሞ በአስተርጓሚ በኩል አቅጣጫ እናገራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሄሊኮፕተሩ መጣ። እንደ ሌላው ቀን ቶሎ አልወረደም። ሸለቆውን ከላይ ሁለት ጊዜ ዞረው። ሦስተኛ ዞረው። እኛ ታች ቆመን «ምን ነካው?» እንባባላለን። በመጨረሻ ከተዘጋጀው ቦታ ራቅ ብሎ አረፈ። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና በጣቱ ወደ ጉብታው አመለከተ። «እዚያ ላይ አንድ ምሰሶ አለ። ጓደኛው የታለ?» አለኝ።

ምሰሶውን አየሁት። ከባህር ዛፎቹ መሐል አንድ ግንድ ቆሟል፣ አናቱ ላይ አግዳሚ አለው። ጓደኛው ከሸለቆው ማዶ ነበር። በሁለቱ መካከል፣ እኔ ባዘጋጀሁት የማረፊያ መንገድ ላይ በትክክል፣ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ሽቦ ተዘርግቷል። ሦስት ቀን ሙሉ እታች ስመላለስ አላየሁትም። እኔ የሠራሁት ካርታ ላይ አልነበረም።

አጠገቤ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ማሳው የእሳቸው ነው።

«አባባ፣ ሽቦው እንዳለ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴታ! በእኔ እርሻ ላይ አይደል የሚያልፈው?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

በዚያን ቀን ማንም አልተጎዳም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ያቺ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ አብራሪ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። የመብራት መስመር ሠራተኛም ሳገኝ እጠይቃለሁ። ስለ ሽቦና ስለ ሄሊኮፕተር የተጻፈ ነገር ካየሁ አነባለሁ። ሄሊኮፕተር ወደ ቀያችን መምጣቱ አይቀርም። ለአንበጣ ይመጣል፣ ለግሪሳ ወፍ ይመጣል፣ በሽተኛ ለማንሳት ይመጣል፣ መስመር ለመፈተሽ ይመጣል። ሽቦው ደግሞ በየዓመቱ እየበዛ ነው። ስለዚህ የሰማሁትንና ያየሁትን ስህተት አንድ በአንድ ልጻፍ።

«ትልቁን መስመር ካወቅን ይበቃል» ማለት

የእኔ ስህተት ይሄ ነበር። ከኮምቦልቻ ማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሰመራ የሚወርደውን 230 ኪሎ ቮልት መስመር ካርታዬ ላይ በቀይ አስምሬዋለሁ። የብረት ታወሮቹ ከሩቅ ይታያሉ። ልጅ እንኳ «ያ ከባድ መብራት ነው» ብሎ ያሳያችኋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ይጠነቀቀዋል።

ሄሊኮፕተር የሚጥለው ግን ብዙ ጊዜ ትንሹ ነው። ከከተማ ወደ ገጠር የሚወጣው የ33 ወይም የ15 ኪሎ ቮልት መስመር። ከትራንስፎርመር ወዲህ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ወደ ውሃ ፓምፕ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሳበው ቀጭኑ። እኛ አገር ምሰሶው ብዙ ጊዜ ባህር ዛፍ ነው። የቆመውም ባህር ዛፍ መሐል ነው። ዛፍ ከዛፍ በምን ይለያል? የሞባይል ታወር የሚወጥሩትን የብረት ገመዶችም ከዚሁ ቁጠሯቸው። ኤሌክትሪክ አይሸከሙም፣ ለሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፍ ግን ልዩነት የለውም።

የወሎ መልክዓ ምድር ነገሩን ያባብሰዋል። ሜዳ አገር ላይ ሽቦ ከምሰሶ ምሰሶ እየተቆጠረ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ሸለቆ ሲገጥመው በአንድ ዝላይ ይሻገራል። አንዱ ምሰሶ በዚህ ገመገም፣ ሌላው በዚያኛው። መሐሉ ባዶ ነው። በጥልቅ ገደል ላይ የሚያልፍ ሽቦ መሐሉ ላይ ከመሬት መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ተንጠልጥሎ ሊገኝ ይችላል። ታች ከብት የሚጠብቅ ልጅ ቀና ብሎ ሊያየው ያዳግተዋል። በሸለቆው ውስጥ የሚበር ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ይመጣበታል።

ትልቁ መስመርም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ታወሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ክንዶቹ ላይ ወፍራም ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል። ከሁሉም በላይ፣ ጫፉ ላይ፣ አንድ ወይም ሁለት ቀጭን ሽቦ አለ። መብረቅ እንዲቀበል የተዘረጋ ነው። ወፍራሞቹን ያየ አብራሪ በላያቸው ለማለፍ ከፍ ይላል። ያቺን ቀጭን ግን አላያትም። በዚህ መንገድ ብዙ ሄሊኮፕተር ወድቋል።

የባቡሩንም አትርሱ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው ሐዲድ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። በላዩ የሚሄደው ሽቦ 25 ኪሎ ቮልት እንዲሸከም የተዘረጋ ነው። ሐዲዱ ዳር ያለው ደልዳላ መሬት ለማረፊያ ያጓጓል። ቀና ሳትሉ አትምረጡት።

«ይታየዋል» ብሎ መገመት

ታች የቆመ ሰው አብራሪው ሁሉን ከላይ የሚያይ ይመስለዋል። መነጽር አድርጓል፣ መስታወቱ ሰፊ ነው፣ ምን ያመልጠዋል? እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትሄዱ ከመኪና ውረዱና ተራራውን ተደግፎ የሚያልፍ መስመር ፈልጉ። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ምሰሶው ላይ ነው። ሽቦውን የምታዩት ምሰሶው ስላለ ነው። አእምሯችሁ ከዚያ ወደዚህ መስመር ይስላል። አሁን ምሰሶዎቹን በእጃችሁ ጋርዱና መሐሉን ብቻ እዩ። ከኋላው ሰማይ ከሆነ ክር የምታክል ነገር ትታያችኋለች። ከኋላው ቁጥቋጦ ወይም የታረሰ መሬት ከሆነ ሽቦው የለም። ጠፍቷል። ልብ በሉ፣ እናንተ ቆማችኋል፤ የምትፈልጉትንም ታውቃላችሁ።

አዲስ ሽቦ ያብረቀርቃል። ሲቆይ ግን ዝናቡና አየሩ ቀለሙን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል፣ ከአፈሩና ከድንጋዩ ይመሳሰላል። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። አንበጣ ያደረበትን ዛፍ ለማየት የሚወጣው ጠዋት ነው፣ ፀሐዩ ሳያሞቀውና ሳይነሳ። ያን ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከአፋር በኩል ዓይን ትወጋለች። ሽቦ የመታቸው ሄሊኮፕተሮች አብዛኞቹ የወደቁት በጨለማ ወይም በጉም አይደለም። በጠራ ቀን፣ በብርሃን ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ አስሉት። ቀስ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ይህ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ነው። አብራሪው ሽቦውን አይቶ፣ ሽቦ መሆኑን ተረድቶ፣ መሪውን ስቦ፣ ሄሊኮፕተሩ እስኪታዘዝ 4 ሰከንድ ቢፈጅበት 120 ሜትር ሄዷል። አንድ ቀጭን ሽቦ በ120 ሜትር ርቀት ይታያችሁ እንደሆነ ወጥታችሁ ሞክሩት።

ከፍታችንም አይረዳውም። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። ደሴ 2,500 ገደማ ትደርሳለች። ለጋምቦና ደላንታ ደጋ ላይ 3,000 ይታለፋል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። ቀኑ ሲሞቅ ይብስበታል። በሳሳ አየር ሄሊኮፕተር እንደ ቆላው ተወርውሮ ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ ሽቦውን ዘግይቶ ያየ አብራሪ እዚህ የሚተርፍበት ዕድል ከሌላው ቦታ ያነሰ ነው።

ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ሽቦ አይፈልጉም፣ ምሰሶ ይፈልጋሉ። አንድ ምሰሶ ካዩ ሌላውን ሳያገኙ አይወርዱም። አግዳሚው ወዴት እንደዞረ አይተው ሽቦው የሚሄድበትን ይገምታሉ። ጫካ ውስጥ ቀጥ ብሎ የተመነጠረ መንገድ ካዩ ይጠረጥራሉ። ለብቻው የቆመ ቤት፣ ፓምፕ፣ ወፍጮ ካዩ «መብራቱ ከየት መጣለት?» ይላሉ። መስመር መሻገር ካለባቸው የሚሻገሩት በምሰሶው ወይም በታወሩ አናት ላይ ነው፣ በመሐል አይደለም። ሽቦው ምንም ያህል ቢደበቅ ከምሰሶው ጫፍ በላይ አይገኝማ። ያ አብራሪ ሦስት ጊዜ የዞረው ለዚህ ነበር። እኛ ግን «ፈራ» ብለነው ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮች ሲኖሩ ራቅ ያለው ከቅርቡ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ መስሎ ዓይንን ያታልላል። ተዳፋት ላይ ሲሆን ጭራሽ ይምታታል። የቅርቡን አልፌ ተገላገልኩ ያለ ሰው ሁለተኛውን ያገኘዋል። ስለዚህ ስትነግሩ «ሽቦ አለ» ብቻ አትበሉ። ስንት እንደሆነ ንገሩ።

አለመጠየቅ፣ አለመናገር

ይሄ የሁሉም እናት ነው። ትንሽ ልቆይበት።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ስንባል አንድ ልማድ አለን። ካርታ ይዘን እንመጣለን፣ ገበሬውን ሰብስበን እንናገራለን፣ እንሄዳለን። ገበሬው ደግሞ ያዳምጣል። ሄሊኮፕተር ያመጣ ሰው ሽቦ አያውቅም ብሎ እንዴት ያስብ? «እነሱማ መሣሪያ አላቸው» ይላል። ሁለታችንም ሌላው ያውቃል ብለን ዝም እንላለን። በመሐል ሽቦው ይቀራል።

ካርታውን ማንም ወቅሶ አይወጣም። የኤሌክትሪክ ካርታ የሚያሳየው የታቀደውንና የተመዘገበውን ነው። ባለፈው ክረምት ምሰሶው ወድቆ በሌላ በኩል የተሳበውን አያሳይም። ሰው ከጎረቤቱ ቆጣሪ በባህር ዛፍ ግንድ የወሰደውንም አያሳይም። እሱን የሚያውቀው በሥሩ የሚኖረው ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ እንዲህ አደረግን። ሄሊኮፕተር ከመምጣቱ በፊት፣ ማታውኑ፣ ሦስት ዓይነት ሰው እንፈልጋለን። አንደኛ እረኛ። እረኛ የማያውቀው ሽቦ የለም፣ ወፍ ሲያሳድድ በወንጭፍ ደጋግሞ ስቶታል። ሁለተኛ ባለ ወፍጮ። መብራት ሲጠፋበት መስመሩን ተከትሎ የሚሄደው እሱ ነው። ሦስተኛ እርሻው ላይ ምሰሶ የቆመበት ሰው። በበሬ ሲያርስ በየዓመቱ ይዞረዋላ።

እነዚያ አዛውንት ታዲያ በማግስቱ ራሳቸው መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ዱላቸውን ገልብጠው አፈሩ ላይ ሸለቆውን ሳሉልን። እዚህ ወንዙ፣ እዚህ መስጊዱ፣ እዚህ ወፍጮው። ከዚያ ጠጠር እያነሱ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ ተከሉ። አስራ አንድ ጠጠር። በጠጠሮቹ መካከል ከጋቢያቸው ጫፍ የመዘዙትን ክር ዘረጉ። አብራሪው በርከክ ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ለአስተርጓሚው የሆነ ነገር ነገረው። አስተርጓሚውም «ከዚህ የተሻለ ካርታ እዚህ አገር አላየሁም ይላል» አለን። አዛውንቱ ፈገግ አሉና «አብሽር በለው» አሉ።

ስትናገሩ እነዚህን ንገሩ። ሽቦው ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል? ስንት ነው? ሸለቆ ይሻገራል? ከዛፍ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አዲስ ነገር ተተክሏል? እርግጠኛ ካልሆናችሁ «እርግጠኛ አይደለሁም» በሉ። እሱም ትልቅ መረጃ ነው፣ አብራሪው ሽቦ እንዳለ ቆጥሮ ይበርራል።

«አንድ ጊዜ አይቶታል» ብሎ መዝናናት

ይህን ስሰማ ማመን አቅቶኝ ነበር። ሽቦ ከመቱ አብራሪዎች ብዙዎቹ ሽቦው እንዳለ ቀድሞውኑ ያውቁ ነበር። አይተውታል፣ አልፈውታል፣ ከዚያ ረሱት።

ሳስበው ግን ይገባኛል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የአንበጣ መንጋ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይይዛል። እያንዳንዷ በቀን የራሷን ክብደት ያህል፣ 2 ግራም ገደማ ትበላለች። ያን የሚያክል መንጋ ከፊቱ ሲነሳ የማን ዓይን ሽቦ ላይ ይቆያል? ሰው የሚያየው የሚፈልገውን ነው። ከላይ ያለው ሰው የሚፈልገው አንበጣ ነው።

ስለዚህ ማስታወስ የጋራ ሥራ ይሁን። ሬዲዮ የያዘው ሰው ሄሊኮፕተሩ ወደ ሽቦው በቀረበ ቁጥር «ሽቦ ከፊትህ፣ በቀኝህ» ይበል። አሥር ጊዜም ቢሆን። አብራሪው አይሰለችም፣ አይቆጣም። ዕቅድ ሲቀየር ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። «መንጋው ወደ ማዶ ዞሯል፣ ቶሎ በል» ስትሉት ያልተፈተሸ ሸለቆ ውስጥ እያስገባችሁት ነው። ከላይ አንድ ጊዜ ዞሮ ሳያይ ዝቅ እንዲል አትገፋፉት። እኔ ገፋፍቻለሁ። ማሽላው እየተበላ ቆሞ ማየት ይከብዳል። ግን አምስት ደቂቃ ማሽላውን አያተርፍም፣ ሰውን ግን ያተርፋል።

«መብራት ጠፍቷል፣ ችግር የለም»

እኛ ጋ መብራት መጥፋት የዘወትር ነው። ስለዚህ ይህ አባባል አፋችን ላይ አለ። ሁለት ስህተት አለበት።

የመጀመሪያው፣ ሄሊኮፕተርን የሚጥለው በአብዛኛው ኤሌክትሪኩ አይደለም። ሽቦው ራሱ ነው። የሞተ ሽቦም ክንፉ ላይ ይጠመጠማል፣ መቆጣጠሪያውን ይበጥሳል፣ ጅራቱን ይመታል።

ሁለተኛው፣ የጠፋ መብራት መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ሳትነግሩት ይመጣል። አንዱ ቤት ጄኔሬተር አስነስቶ በትክክል ካላለያየው ኃይሉ ወደ ኋላ፣ ወደ መስመሩ ሊገባም ይችላል። የመስመር ሠራተኞች አንድ ሕግ አላቸው። ተቋርጦ፣ ተፈትሾ፣ በግራና በቀኝ ከመሬት ጋር እስካልታሰረ ድረስ መስመር ሕያው ነው። መስመሩ አጠገብ ሥራ ካለ ለመብራት ኃይል ቀድሞ ማሳወቅና በጽሑፍ መነጋገር ነው እንጂ አምፖል አይቶ መወሰን የለም።

መሣሪያ ላይ መደገፍ

አንዳንድ ሄሊኮፕተሮች ከመስታወቱ በላይና ከሆዳቸው በታች መቀስ የመሰለ ነገር አላቸው። ሽቦ ሲመጣ ተንሸራቶ ገብቶ እንዲቆረጥ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካናዳ ውስጥ የተሠራ ነው፣ የብዙ ሰው ሕይወትም አትርፏል። ግን የሚሠራው ሄሊኮፕተሩ በቂ ፍጥነት ኖሮት ሽቦው ፊት ለፊት ከመጣ ነው። ዝቅ ብሎ ቀስ ሲል፣ ወይም ሽቦው ክንፉን ወይም ጅራቱን ካገኘ፣ መቀሱ ምንም አያደርግም።

ሽቦ ላይ የሚሰቀሉት ብርቱካናማ፣ ቀይና ነጭ ኳሶችም እንዲሁ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ዲያሜትራቸው ከ60 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። ባሉበት ቦታ ጥሩ ናቸው። እኛ ሸለቆ ላይ ግን ስንት አይታችኋል? ኳስ አለመኖሩ ሽቦ አለመኖሩን አይናገርም።

ማረፊያውን በሜዳነቱ ብቻ መምረጥ፣ ሰዉንም መርሳት

ወሎ ላይ ሄሊኮፕተር ሲሰማ ሰው ይሮጣል። ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሄሊኮፕተሩ ነው የሚሮጠው። ምክንያቱ ይገባኛል። በ1977ቱ ድርቅ የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ደጋው ላይ እህል ከአየር ሲጥሉ፣ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው እየደረሱ መጣያውን ያመቻቹ ነበር። ያን ያዩ ዛሬም አሉ። ለልጆቻቸው ነግረዋል። በእኛ ትውስታ ሄሊኮፕተር ማለት የተላከ እርዳታ ነው።

ስለዚህ ሕዝቡን ቀድሞ ማናገር ያስፈልጋል። የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ባቲ ላይ ሰኞ ሜዳ መምረጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሄደበት ያውቀዋል።

ማረፊያው ዙሪያ ሽቦ ካለ አይሆንም፣ ከማረፊያው ራሱ ባይሆንም መግቢያና መውጫው ላይ ካለ አይሆንም። ከክንፉ የሚወርደው ንፋስ ልቅ ቆርቆሮ ያነሳል። የጤፍ ክምር ይበትናል። አቧራው አብራሪውን ያሳውረዋል፣ ያየውን ሽቦ በዚያች ቅጽበት ያጠፋበታል። ላልቶ የተንጠለጠለ ሽቦም በንፋሱ ይወዛወዛል።

ወደ ሄሊኮፕተር የምትቀርቡት አብራሪው ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። ከፊት፣ እሱ እያያችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ። ተዳፋት ላይ ካረፈ ከላይኛው በኩል በፍጹም አትምጡ፣ ክንፉ ለመሬቱ የቀረበው በዚያ ነው። ወደ ጅራቱ አትሂዱ፣ የጅራቱ ክንፍ ሲሽከረከር አይታይም። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ጥምጣም፣ ጋቢ ይታሰር ወይም ይውለቅ። ዱላና አካፋ ትከሻ ላይ አይያዝ። በወገብ ልክ አግድም ይያዝ።

በገመድ የተንጠለጠለ ጭነትን በእጅ መቀበል

ምሰሶ ወይም ዕቃ በገመድ አንጠልጥሎ የሚያመጣ ሄሊኮፕተር አለ። መንጠቆው ሲወርድ ሰው ዘሎ ይይዘዋል። አትያዙት። ሄሊኮፕተር አየር ላይ ሲቆይ፣ በተለይ አየሩ ደረቅና አቧራማ ሲሆን፣ አካሉ ላይ ኤሌክትሪክ ይከማቻል። መጀመሪያ መንጠቆው መሬት ይንካ፣ ወይም በመሬት ማስያዣ ዘንግ ይነካ። ሽቦ አቅራቢያ ደግሞ ገመዱ ራሱ አደጋ ነው። እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

«ወፍ ሽቦ ላይ ትቀመጥ የለ?» የሚለኝ ሰው አለ። ወፏ ሌላ ነገር ስለማትነካ ነው የምትተርፈው። በሌላ አገር ከሄሊኮፕተር ላይ ሆነው ሕያው መስመር የሚጠግኑ ሠራተኞች አሉ። የብረት ክር የተሸመነበት ልብስ ይለብሳሉ፣ ራሳቸውንና ሄሊኮፕተሩን ከሽቦው ጋር አስቀድመው ያገናኛሉ፣ ልክ እንደ ወፏ ይሆናሉ። እሱ የረጅም ጊዜ ሥልጠና ነው። አይቶ የሚሞከር አይደለም።

አደጋ ሲደርስ ሮጦ መግባት

ሄሊኮፕተር ሽቦ መትቶ ቢወድቅ ልባችሁ የሚላችሁ ሩጡ ነው። እዚህ ላይ ልባችሁን አትስሙ።

መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ኃይል ካለው ኤሌክትሪኩ በመሬቱ ውስጥ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል፣ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። አንዱ እግራችሁ ወደ ሽቦው የቀረበ፣ ሌላው የራቀ ከሆነ ልዩነቱ በሁለቱ እግራችሁ በኩል ያልፋል። ከብት በዚህ ቶሎ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር ራቁ፣ ከፍተኛ መስመር ከሆነ ከዚያም በላይ። ክልሉ ውስጥ ሳታውቁ ከገባችሁ አትራመዱ። እግራችሁን ገጥማችሁ፣ ሳታነሱ፣ ጥቂት በጥቂት እየጎተታችሁ ውጡ።

ሽቦው ፀጥ ማለቱ አያታልላችሁ። ብዙ መስመሮች ሲቋረጡ በሰከንዶች ውስጥ ራሳቸውን መልሰው የሚያበሩ መሣሪያዎች አሏቸው። ሞተ ያላችሁት ሽቦ ይነሳል። በእንጨት ልግፋው አትበሉ፣ ያ እንጨት እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ ለከፍተኛ ቮልት ደረቁም አይበቃም።

ሽቦ የነካው ሄሊኮፕተር ውስጥ ያለ ሰው እሳት ከሌለ እዚያው ይቆይ። ከሩቅ ሆናችሁ ጩኹ፣ «አትውጣ!» በሉት። እሳት ከተነሳ ግን ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፣ አካሉንና መሬቱን በአንድ ጊዜ አይንካ። ከዚያ እግሩን እየጎተተ ይራቅ። ሄሊኮፕተሩ የአንበጣ መድኃኒት ርጭት ላይ የነበረ ከሆነ መድኃኒቱ ይፈስሳል። የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

የኤሌክትሪክ አገልግሎት የጥሪ ቁጥር 905 ነው። ስትደውሉ የቀበሌውን ስም ብቻ አትንገሩ። መስመሩ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ምሰሶው ላይ ቁጥር ካለም ቁጥሩን ንገሩ። «መስመሩ ተቋርጧል፣ ግቡ» የሚል ቃል ከእነሱ አፍ እስኪሰማ ድረስ ሰው አይግባ። ልጆቹን የሚከለክል አንድ ጠንከር ያለ ሰው መድቡ። እናቶቹንም።

ባለፈው ዓመት በዚያች ሸለቆ አለፍኩ። ማሽላው ደርቶ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ይሠራል። ቀና ብዬ ምሰሶዎቹን ቆጠርኩ። አስራ ሦስት ሆነዋል። አዲስ ሽቦ ወደ ማዶው ትምህርት ቤት ተሻግሯል። አዛውንቱን ፈልጌ አገኘኋቸው። ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ሁለት ጠጠር ጨምር» አሉኝ። ማታውኑ ለወረዳው ደወልኩ።